ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነው። በተለይ ተማሪዎቼ የነበራችሁና አሁን ሶፍትዌር በመሥራት እንጀራ የምትበሉ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ጸቤ በዋናነት ከእናንተ ጋር ነው። በፍቅር ነው፣ ግን ጸብ ነው።

ሁላችንም ስልክ ላይ በየጊዜው የሚገባ አንድ መልእክት አለ። «ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ።» ለልጅዎም፣ ለጓደኛዎም፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ለሚደውልም። ጥሩ ምክር ነው፣ እኔም ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ። ግን መካሪው ራሱ ያሠራው አፕ ሚስጥር ቁጥርን ለሰው ካልነገሩ የማይሠራ ከሆነስ?

አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለኝ። ስልክ አጠቃቀሙን ያየ ሰው ይደነቃል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር በድምፅ የሚያነብለት ቶክባክ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ላይ ተጭኖ የሚመጣ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ብትፈልጉ የእናንተም ላይ ታገኙታላችሁ። ልጁ የድምፁን ፍጥነት በጣም ጨምሮ ነው የሚያዳምጠው። ለኛ የንብ ቀፎ ይመስለናል፣ እሱ ግን በዚያ ፍጥነት ቴሌግራም ያነባል፣ ይመልሳል፣ ይቀልዳል።

ዐረብ አገር ያለች እህቱ ብር ትልክለታለች። ገንዘቡ የሚገባበት ባንክ (ስሙን አልጠራም፣ የአንድ ባንክ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ) የሞባይል አፕ አለው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ሲከፍተው አጠገቡ ነበርኩ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ያንሸራትታል፣ ስልኩ ይናገራል፦ «አንሌብልድ፣ በተን»። ቀጠለ። «አንሌብልድ፣ በተን»። አሁንም ቀጠለ፣ ያው ነው። ስም የሌለው ቁልፍ ማለት ነው። ብር መላኪያው ይሁን፣ ቀሪ ሂሳብ ማያው ይሁን፣ መውጫው ይሁን አይታወቅም። ሚስጥር ቁጥር ማስገቢያው ላይ ሲደርስ ባሰ። ቁጥሮቹ አፑ በተከፈተ ቁጥር ቦታ እየቀያየሩ ነው የሚመጡት፤ ከኋላ ለሚያጮልቅ ሌባ የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑ ነው። አሥሩም ቁልፎች ግን ስም የላቸውም። ልጁ ምን አደረገ? ስልኩን አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ ሰጠውና ቁጥሩን ነገረው። ግቢ ውስጥ፣ ተማሪ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብሎ።

አጮልቆ ለሚያይ ሌባ የተሠራው መከላከያ ቁጥሩን በአደባባይ አሳወጀው።

ይኼ ልጅ ቴክኖሎጂ አያውቅም የሚል ካለ ይምጣ። አፑን ከሠሩት መካከል ዓይኑን ጨፍኖ ስልክ ማንቀሳቀስ የሚችል አንድ ሰው ካለ ይወዳደረው፤ ዳኛው እኔ ነኝ።

አሁን «ዓይነ ስውራን እኮ ጥቂት ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ዓይናቸው ስለሚያይ ሰው ላውራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ እናት አሉ። ሂሳብ ላይ ማንም አያታልላቸውም፤ የሦስት ወር ዱቤ በቃላቸው ይይዛሉ። ደንበኞቻቸው በስልክ መክፈል ሲጀምሩ እሳቸውም ስማርት ስልክ ተገዛላቸውና አፕ ተጫነላቸው። ጽሑፉ ጥቃቅን ነው። ስልኩ ላይ ፊደል ማተለቂያው ተነካካ፣ የአፑ ጽሑፍ ግን ከመጤፍ አልቆጠረውም፣ ፍንክች አላለም። የማረጋገጫ ቁጥር በቴክስት ይመጣል፤ ከአፑ ወጥቶ፣ ቴክስቱን ከፍቶ፣ ስድስት አሃዝ በቃል ይዞ፣ ተመልሶ አፑ ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ። መነጽራቸውን ሳያገኙ ደቂቃው ያልቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆለፋል፣ ሲቆለፍ ቅርንጫፍ ሄዶ መሰለፍ ነው፤ ቅርንጫፍ ሄዶ ላለመሰለፍ ነበር አፑ የመጣው።

ስለዚህ ሥራውን የጎረቤት ልጅ ይሠራላቸዋል። የእሳቸው ልጅ ሲመጣ እሱ ይሠራል። ሁለቱም ከሌሉ ባለሱቁ። ሦስት ሰው ቁጥራቸውን ያውቃል። ሌላው ዓለም አጋዥ ቴክኖሎጂ ሲል የስክሪን አንባቢ፣ የንግግር መቀበያ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚችል ኪቦርድ ማለቱ ነው። የኛ አገር አጋዥ ቴክኖሎጂ የጎረቤት ልጅ ነው። ሽሮ ሲላክ ይሄዳል፣ ሞባይል ባንኪንግም ይሠራል፣ ክፍያው «እግዚአብሔር ይስጥህ» ነው።

አንድ ቀን ከሂሳባቸው ብር ጎደለ። ብዙ አይደለም፣ ግን ለእሳቸው የሁለት ሳምንት ትርፍ ነው። ማን ወሰደው? ቁጥሩን የሚያውቁት ሦስት ናቸው። የወሰደውም ያልወሰደውም እኩል ተጠረጠረ። ባንኩ «ሚስጥር ቁጥርዎን ለሌላ ሰው ስለሰጡ ኃላፊነት አንወስድም» አለ። የጎረቤት ልጅ እናትና እሳቸው ከዚያ በኋላ ቡና አልተጠራሩም። የሁለት ቤት ጉርብትና ፈረሰ። ይኼንን ኪሳራ የትኛው ሪፖርት ላይ ነው የምታዩት? «የዲጂታል ተጠቃሚዎች ቁጥር አደገ» በሚለው ላይ እሳቸውም እንደ አንድ ተጠቃሚ ተቆጥረዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ መልሱ የታወቀ ነው፦ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ይሠራል።» ይቺ ቃል ስትነሳ ደሜ ይፈላል። ግንዛቤ ማስጨበጫ ማለት አዳራሽ ተከራይቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ውሃና ብስኩት አድሎ፣ ለሰው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ መመለስ ነው። የሚያስተምሩት ደግሞ ለመማር ያልተሠራ ነገር ነው።

ዶናልድ ኖርማን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ስለ በር ብዙ ይላል። የሚገፋ በር ላይ የሚሳብ እጀታ ከገጠምክበት ሰው ሁሉ ይስበዋል፤ «ግፋ» ብለህ ጽሑፍ ብትለጥፍበትም ይስበዋል። ጽሑፍ የሚያስፈልገው በር ሲሠራ ነው የተበላሸው። ሰውየው ይኼን ያለው ስማርት ስልክ ከመፈጠሩ በፊት ነው። እኛ ግን ዛሬም በሩን ትተን የሚገፉትን ሰዎች ሥልጠና እንልካለን።

መምህር ስለሆንኩ በደንብ የሚገባኝ ነገር አለ። ፈተና አውጥቼ ከ50 ተማሪ 45ቱ አንድ ጥያቄ ከሳቱ መጀመሪያ የማየው ጥያቄውን ነው። ጥያቄው ጠማማ ነው ወይም አላስተማርኩትም። 45 ልጅ በአንዴ ሰነፍ አይሆንም። ይኼ ለመምህር ግልጽ ከሆነ ለሶፍትዌር ሠሪ ለምን ይከብዳል?

እስቲ ደግሞ ዓይኑ የሚያየውንም፣ የተማረውንም፣ ወጣቱንም የሚያሰቃየውን እንይ፤ ፎርም። የትውልድ ቀን የሚሞላበትን ሳጥን አስቡት። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ምንም አይልም። በ1970 የተወለደ ሰው 1970 ብሎ ይሞላል፣ ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ይወስደዋል፣ ሰውየው በአንድ ጠቅታ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። በኋላ ከመታወቂያው ጋር ሲነጻጸር «መረጃው አይመሳሰልም» ይባላል፣ ምልልሱ ይጀመራል። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ደግሞ ጭራሽ የለም፤ 13ኛ ወር ብሎ ሲጽፍ ቀይ መስመር ይወጣበታል። ዓመተ ምሕረታችን 13 ወር እንዳለው ለቱሪስት በየፖስተሩ ስንነግር ኖረን፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በኢትዮጵያውያን ልጆች የተሠራ ሶፍትዌር ጳጉሜን አያውቃትም። ሰዓቱንም ተዉት። «አገልግሎቱ ከ8፡00 ጀምሮ ይቋረጣል» ብሎ የሚላክ ማሳሰቢያ በየትኛው ስምንት ሰዓት ነው? በስድስት ሰዓት ልዩነት ሰው ገበያ መሀል ያለ ብር ይቀራል።

ስምስ? «የመጀመሪያ ስም»፣ «የመጨረሻ ስም»። እኛ የመጨረሻ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ ፎርም ላይ የአባትን ሌላው ላይ የአያትን «የመጨረሻ» እያለ የሞላ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወዳጆቼ ይኼን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ባል፣ ሚስትና ልጅ የተለያየ «ላስት ኔም» ይዘው ኤርፖርት ላይ ቤተሰብ መሆናቸውን የሚያስረዱ እናንተ ናችሁ። እዚያ አገር ያለው ሲስተም ባያውቀን አልፈርድበትም። እዚህ የተሠራው ግን ከዚያ የተገለበጠ ፎርም ይዞ ነው የሚጠይቀን።

ፍለጋውንም ልጨምር፤ ይኼኛው ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ይሆናል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል? ጸ እና ፀ፣ ሁለት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሦስት። ስድስት ሆነ። ሃ፣ ሓ፣ ኃን ስትጨምሩ 12። ስሟን የመዘገበው ጸሐፊ አንዱን መርጧል፣ እሷ ሌላውን ትጽፋለች፣ ሶፍትዌሩ «አልተገኘም» ይላታል። አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ መፈለግ ለፕሮግራመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ ሕብረ ቃል ስታወዳድሩ አስተምሬአችኋለሁ፤ አትካዱኝ።

ወደ ዋናው ልመለስ። ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ማድረግ ሲባል ብዙዎቻችሁ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ትልቅ ወጪ፣ ልዩ መሣሪያ፣ የውጭ ኤክስፐርት ነው። ያ ተማሪዬ የሰማው «አንሌብልድ» ግን ምንድን ነው? አንድሮይድ ላይ ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ላይ «ብር ላክ» ብሎ መጻፍ ነው። በቃ። ሁለት ቃል። ድረ ገጽ ላይ ለምስል ኦልት የሚባለው አለ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኤችቲኤምኤል አካል ነው፣ ማለትም ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። የሽሮ ሻጯ ጽሑፍ አልተልቅ ያለውስ? የፊደሉ መጠን በኤስፒ ሳይሆን በማይንቀሳቀስ መለኪያ ስለተጻፈ ነው። ኤስፒ ተጠቃሚው ስልኩ ላይ የመረጠውን መጠን ይከተላል። ልዩነቱ ሁለት ሆሄ ነው! የድረ ገጾች ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የወጣው። ጽሑፍና ጀርባው ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይኑራቸው ይላል፤ እናንተ ነጭ ላይ ግራጫ ትጽፋላችሁ፣ «ሞደርን» ነው ትላላችሁ፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ገበያ ላይ ማንም አያነበውም። የጊዜ ገደብ ካለ ሰው ማራዘም እንዲችል አድርጉ ይላል። ያቺ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መፍትሔዋ ተጽፎ ተቀምጧል።

ስለዚህ ችግሩ የእውቀትም የገንዘብም አይደለም። አፑን ስትሠሩ ፊታችሁ የነበረው ተጠቃሚ ማን ነው? 25 ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ያያል፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ እንግሊዝኛ ያነባል፣ አዲስ ስልክ ይዟል፣ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ቁጭ ብሏል። ራሳችሁ ናችሁ። ለመስታወት ነው የሠራችሁት።

እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው በጣም የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። በመቶኛ ስታዩት ትንሽ ይመስላል፤ በ100 ሚሊዮን ሕዝብ አባዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ 1.3 ቢሊዮን የሚሆነው፣ ጉልህ የሆነ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ የማይቸግረው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ራሴ እየተጠጋኋት ነው። ማንበብ ያልተማረውን አዋቂ ስትጨምሩበት «ጥቂት» ያላችሁት አብዛኛው ሕዝብ ሆኖ ይወጣል። ጥቂቱ የካፌው ልጅ ነው።

ለዓይነ ስውር የተሠራ ነገር ለዓይነ ስውር ብቻ አይቀርም፣ ይኼንንም እወቁ። ከመጀመሪያዎቹ የጽሕፈት መኪናዎች አንዱን የሠራው ፔሌግሪኖ ቱሪ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ማየት የተሳናት ወዳጁ ካሮሊና ፋንቶኒ ደብዳቤዋን ለሌላ ሰው ሳታስጽፍ በራሷ እንድትጽፍ ብሎ ነው። ልብ በሉ፤ እዚያም ጉዳዩ ሚስጥር ነው። ደብዳቤን በሰው እጅ ማስጻፍ ማለት ሚስጥርን ማካፈል ነበር። እኛ ከ200 ዓመት በኋላ ሚስጥር ቁጥር በሰው እጅ እናስጽፋለን።

«ይኼን የሚያውቅ ባለሙያ ከየት እናምጣ» ለምትሉ፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር ላይ በነጻ የሚጠቀሙበትን ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን አንባቢ የሠሩት ማይክል ከረንና ጄምስ ቴህ የሚባሉ አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ለንግድ የሚሸጠው ስክሪን አንባቢ ዋጋው አልቀመስ ስላለ እ.ኤ.አ. በ2006 ከረን ጀመረው፣ ቴህ ተቀላቀለው። የኛዎቹስ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ኮምፒውተር ሳይንስ ቢገቡ ይኼን አይሠሩም ነበር? ከሥዕልና ከግራፍ እየተባለ ገና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከሒሳብና ከሳይንስ የምናርቃቸው እኛው ነን። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው ያስቀይማል።

ሰው አይቶ መሥራት ምን እንደሚያተርፍ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ያውቃል። ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ከመጀመሩ በፊት በ2005 ሙከራ ተደርጎበታል። የመጀመሪያው ሐሳብ ሰው ከአነስተኛ ብድር ተቋም የተበደረውን በስልክ እንዲመልስ ነበር። ለሙከራ የተሰጣቸው ሰዎች ግን ብሩን ለሌላ ሰው መላላክ ያዙ። ሠሪዎቹ «አጠቃቀሙን አላወቃችሁም፣ ግንዛቤ እናስጨብጣችሁ» አላሉም። ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አዩና ብር መላኩን ዋና አገልግሎት አደረጉት። እሱም ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ላይ የሚሠራ ነበር። የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

«ጥናት ለማድረግ በጀት የለንም» ትሉኛላችሁ። በጀቱን እናስላው። ያኮብ ኒልሰን የሚባል የዘርፉ ተመራማሪ ያወጣው ታዋቂ ስሌት አለ። አንድ ችግር አንድ ሰው ሲጠቀም የመታየት ዕድሉ በአማካይ 31 በመቶ ነው። ስለዚህ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 0.69። አምስት ሰው ከሞከረው 0.69ን በራሱ አምስት ጊዜ አባዙት፣ 0.16 ገደማ ይመጣል። ማለትም አምስት ሰው ብቻ ብታስሞክሩ ከችግሮቹ 85 በመቶ የሚሆኑት ይወጣሉ። (ቁጥሩ ሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም ብለው የተከራከሩት አሉ፤ ይከራከሩ፣ ዜሮ ሰው ካስሞከረ ጋር ግን አይከራከሩም።) አምስት ሰው፣ አንድ ጠዋት፣ የትራንስፖርት፣ ቡናና ለጊዜያቸው ተገቢ ክፍያ። ለምረቃው ኬክ ያወጣችሁት ይበልጣል።

መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ ጸብ አታመልጡም፤ ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ። ማስታወቂያ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ለስክሪን አንባቢ ፎቶ ፎቶ ነው፤ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ በቀጥታ አያገኘውም። ምዝገባው መቼ እንደሚያልቅ ለማወቅ ልጁ እንደገና ሰው መለመን አለበት። ከፎቶው ሥር ያንኑ ጽሑፍ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሌላው ደግሞ እስከ ዛሬ በድሮ የግዕዝ ፎንቶች እየጻፈ ፋይሉን ይልካል። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ከሥሩ ግን የተቀመጠው የላቲን ፊደልና የምልክት ውጥንቅጥ ነው፣ ፎንቱ ነው የአማርኛ ጭምብል ያጠለቀለት። ስክሪን አንባቢው ጭምብሉን አያይም፤ ውጥንቅጡን ነው የሚያነብለት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የመማሪያ ሞጁል በዚያ ፎንት የሚያዘጋጅ ሰው ምን ምክንያት አለው?

የአማርኛ ድምፅ ጉዳይ እውነተኛ ችግር ነው፣ እሱን አልክድም። ኢስፒክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን ቆርቆሮ ነው። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ ደህና ናቸው፣ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ኢንተርኔቱም ካርድ ይፈልጋል። ቋንቋው ራሱም ቀላል አይደለም፤ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ሲል የበዓሉ ነው ወይስ ገና ያልደረሰው? «አለ» ሲል ብር አለ ነው ወይስ ሰውየው እንዲህ አለ? ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይገባዋል፣ ማሽን ይሳሳታል። ይኼን የሚሠራልን ካሊፎርኒያ ያለ ሰው አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ በአማርኛ ንግግርና በፊደል ለቀማ ላይ የማስተርስ ጽሑፍ መሠራት ከጀመረ 25 ዓመት አልፎታል። ስንቱ ነው ከመደርደሪያ ወርዶ የዚያ ልጅ ስልክ ላይ የደረሰው? አማካሪው «ጥሩ ነው» አለ፣ ፈታኙ ኤ ሰጠ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ጥራዙ አቧራ ለበሰ። ጥናቱን ከተጠቃሚው ጋር የሚያገናኝ ሰው ጠፋ። እናንተ ደግሞ ያ ሰው መሆን ትችላላችሁ፣ ግን የምግብ ማዘዣ አፕ ቁጥር 40ን እየሠራችሁ ነው።

ሕጉን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሰው ሕግ ሲሰማ ማንበብ ስለሚያቆም ነው። አጭር ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው፤ ሕንፃና መንገድ ብቻ ሳይሆን የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂንም በስም ይጠራል፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ድርጅቶችንም ይጨምራል። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ሁለት አንቀጽ 9። ስለዚህ ያ ልጅ ስም ያለው ቁልፍ ሲጠይቅ ምጽዋት እየጠየቀ አይደለም። «ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ አደረግን» ብላችሁ ዊልቸር ስታድሉ ካሜራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ የራሳችሁን አፕ ከፍቶ መጠቀም የማይችል ሰው አጠገብ ቆማችሁ ነው ፎቶ የምትነሱት።

አሠሪው ነው እንጂ እኛ ምን እናድርግ የምትሉ አላችሁ፤ ገባኝ። የጊዜ ገደብ አለ፣ አለቃው «ይቺን በሚቀጥለው ቨርዥን» ይላል፣ የሚቀጥለው ቨርዥን አይመጣም። ግን ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን ለመጻፍ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ቁልፉን ስትሠሩ አብራችሁ ጻፉት። አለቃው አያየውም፣ አይከለክላችሁምም። ሰብሰባ ላይ «ይኼን ስንት ዓይነ ስውር ሞከረው?» ብላችሁ ደግሞ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ጸጥታ ይሆናል። ጸጥታው ደስ አይልም፣ ግን አይገድልም።

እንግዲህ የኔ ድርሻ ይኼ ነው። አምስት ሰው አግኝቻለሁ፤ ፈቃደኛ ናቸው። ሁለቱ ዓይነ ስውራን ናቸው፣ አንዱ በስልክ አንዷ በኮምፒውተር። አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንዷ ጆሮዋ አይሰማም፤ በምልክት ቋንቋ ነው የምታወራው፣ አስተርጓሚ አለ። አምስተኛዋ አማርኛ ቀስ ብለው የሚያነቡ፣ እንግሊዝኛ ጭራሽ የማያነቡ ባለ ጉሊት ናቸው። ሁለት ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ተፈቅዶልናል። አፕ ያለው፣ ድረ ገጽ ያለው፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ያለው ይምጣ። ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ አፑ የተጫነበት ስልክና ደብተር ይዛችሁ ኑ። የሰዎቹን ትራንስፖርትና የሰዓታቸውን ክፍያ እናንተ ትሸፍናላችሁ፤ በነጻ አይሞክሩላችሁም፣ ይኼን አስቀድሜ ተነጋግሬበታለሁ። የክፍሉ ሕግ አንድ ነው፦ ሰውየው ሲሳሳት «እዚህ ጋ ይጫኑ» ማለት ክልክል ነው። አፋችሁን ይዛችሁ ታያላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ሚስጥር ቁጥር ማስገቢያው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ ታዞራላችሁ።

የምትመጡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን፤ በእኛው ሦስት ሰዓት።